የትምህርት ክፍል ሴሚናር አዘገጃጀት፦ ከግብዣው ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ጥያቄ

የአንድ ሰዓት ሴሚናር የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ አቅራቢው ስላልቻለበት አይደለም። ፕሮጀክተሩ ቀድሞ ስላልተሞከረ 10 ደቂቃ ያልፋል፤ ተጋባዡን ለማስተዋወቅ የሕይወት ታሪኩ ከላይ እስከ ታች ይነበባል፤ ገለጻው ሲረዝም ደግሞ አወያዩ ለማቋረጥ ያፍራል። በመጨረሻ የሚቆረጠው ሁልጊዜ የጥያቄው ጊዜ ነው። ገለጻውን ብቻ የሚፈልግ ሰው ግን ጽሑፉን ቢሮው ቁጭ ብሎ ማንበብ ይችላል። ከላብራቶሪና ከቤተ መጻሕፍት ተነሥቶ የሚመጣው ለመጠየቅና ሌላው ሲጠይቅ ለመስማት ነው። ስለዚህ ዝግጅቱን ሁሉ የመጨረሻዎቹን 15 ደቂቃዎች ከማትረፍ አንጻር እዩት።

መመሪያው በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ለሚካሄድ፣ ከ20 እስከ 80 ሰው ለሚታደመው የትምህርት ክፍል ሴሚናር የሚሆን ነው። ትልቅ ጉባኤ የሚያዘጋጅ ሰው ሌላም ብዙ ነገር ያስፈልገዋል።

1. ቀኑንና ኃላፊውን ወስኑ

ለሙሉ ሴሚስተሩ አንድ ቋሚ ቀንና ሰዓት ያዙ። ቀኑ በየሳምንቱ የሚቀያየር ከሆነ ታዳሚ አይለምደውም። ከመወሰናችሁ በፊት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን የክፍል ፕሮግራም፣ የመምህራን ስብሰባ የሚውልበትን ቀንና የላብራቶሪ ሰዓቶችን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ከሥራ ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ነፃ ይመስላል፤ ነገር ግን ልጆች ያሏቸውን መምህራንና ሩቅ የሚኖሩ ተማሪዎችን ያስቀራል። የሳምንቱ የመጨረሻ ከሰዓት በኋላም ወንበር ብቻ የሚታይበት ነው።

ሴሚስተሩ 16 ሳምንት ከሆነ ከ10 እስከ 12 ሴሚናር ይበቃል። የመጀመሪያውን ሳምንትና የፈተናውን ሰሞን ተዉ፤ ከቀሪዎቹም ሁለቱን ሳታስይዙ ክፍት አድርጓቸው። የሚሰረዝ ሴሚናር አይጠፋምና ማሸጋገሪያ ይሆናሉ።

ኃላፊው አንድ መምህር ይሁን፤ ምክትሉ ደግሞ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ። አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ለዚህ ሥራ አይመከርም፤ ደብዳቤው የተላከ መስሎት እያንዳንዱ ሌላውን ይጠብቃል።

2. አቅራቢዎችን ምረጡ

አስተባባሪው የሚያውቃቸውን ብቻ የሚጋብዝ ከሆነ በሁለት ሴሚስተር ውስጥ ዝርዝሩ ያልቅበታል፣ ርእሱም አንድ ዓይነት ይሆናል። ሴሚስተሩ ከመጀመሩ በፊት አጭር ቅጽ ለመምህራንም ለተማሪዎችም ላኩና በሁለት ሳምንት ውስጥ እጩ እንዲጠቁሙ ጠይቁ፦ ስም፣ ርእስ፣ ለምን ይህ ሰው። ከዝርዝሩ ቢያንስ ሁለቱን ተማሪዎች ራሳቸው ይምረጡ። ያን ጊዜ ተማሪዎቹ ሳይጠሩ ይመጣሉ።

ከውጭ የሚመጣ እንግዳና የራሳችሁ ሰው ተፈራርቀው ቢያቀርቡ ጥሩ ነው። ገና ያልተጠናቀቀ ሥራ የሚቀርብበት ሴሚናርም ቦታ ይኑረው፤ ያለቀና የታተመ ጥናት ሲቀርብ ጥያቄ ጠያቂውም አቅራቢውም ብዙ አያተርፉም።

3. የግብዣውን ደብዳቤ ላኩ

ለቅርብ እንግዳ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ቪዛ ለሚያስፈልገው ደግሞ ከ3 እስከ 4 ወር ቀደም ብላችሁ ጻፉ። አብዛኛው ችግር የሚጀምረው ደብዳቤው ላይ ነው። «ስለ ጥናትዎ እንዲያቀርቡልን በአክብሮት እንጋብዛለን» ተብሎ ብቻ የተጋበዘ ሰው ከጉባኤ የተረፈ 70 ስላይድ ይዞ ቢመጣ ጥፋቱ የጋባዡ ነው። የሚከተለው ዓይነት አንቀጽ ይህን ይከላከላል፦

«ገለጻው 40 ደቂቃ፣ ጥያቄና ውይይቱ 15 ደቂቃ ነው። ታዳሚው ወደ 40 የሚጠጋ ሲሆን ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ነው፤ አብዛኛው የመስኩን መሠረታዊ ሐሳቦች ያውቃል፣ የእርስዎን ልዩ ዘዴ ግን አያውቅም። ርእስና አብስትራክት ከሴሚናሩ 3 ሳምንት በፊት ቢልኩልን ማስታወቂያውን በጊዜው እናወጣለን። ከገለጻው በኋላ ለ30 ደቂቃ ከተማሪዎች ጋር ብቻ ቢወያዩልን ደስ ይለናል።»

ወጪን በተመለከተ የምትከፍሉትንና የማትከፍሉትን በዚሁ ደብዳቤ ጻፉ፦ ትራንስፖርት፣ ማደሪያ፣ የአበል መጠን፣ የሚያስፈልገው ደረሰኝ። እንግዳው ከኪሱ አውጥቶ ለወራት ሂሳብ ክፍል ደጅ ከጠና ሌላ ጊዜ አይመጣም፤ ለባልደረቦቹም መናገሩ አይቀርም።

አቅራቢው በኢንተርኔት ከሌላ አገር የሚገባ ከሆነ ሰዓቱን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጻፉ፣ ከጎኑም የከተማውን ስምና ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ያለውን ልዩነት አስቀምጡ። በተለይ መጋቢትንና ጥቅምትን ተጠንቀቁ። አሜሪካና አውሮፓ ሰዓታቸውን ወደፊትና ወደኋላ የሚያዞሩት በተለያየ ቀን ስለሆነ በመካከሉ ባሉት ሳምንታት የለመዳችሁት ልዩነት በአንድ ሰዓት ይዛነፋል። የቀን መቁጠሪያ ግብዣ በኢሜይል ከላካችሁ ኮምፒውተሩ ልዩነቱን ራሱ ያሰላል።

4. አብስትራክትና ማስታወቂያ

አብስትራክቱ ከ150 እስከ 200 ቃል ይሁን። የአቅራቢው ማንነት ከ60 እስከ 80 ቃል ይበቃዋል። ርእሱን በጎረቤት ትምህርት ክፍል ላለ ሰው አሳዩትና «ስለምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መመለስ ካልቻለ አቅራቢው ንዑስ ርእስ እንዲጨምርበት በትሕትና ጠይቁ። ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይጨምራሉ።

ማስታወቂያው ሦስት ጊዜ ይውጣ፦ ከ10 ቀን በፊት፣ ከ2 ቀን በፊት፣ በዕለቱ ጠዋት። የመጨረሻው ሁለት መስመር ብቻ ይሁን፦ ማን፣ ስንት ሰዓት፣ የት። ፖስተሩን ምስል አድርጎ መላክ የተለመደ ነው፤ ጽሑፉን ግን በኢሜይሉ ወይም በቴሌግራም መልእክቱ ውስጥም ድገሙት። ምስሉ ያልተከፈተለት ሰው፣ በስክሪን አንባቢ የሚጠቀም ዓይነ ስውር ባልደረባ፣ ከሳምንት በኋላ በፍለጋ ሊያገኘው የሚሞክር ተማሪ ሁሉም ጽሑፉን ይፈልጋሉ። ግድግዳ ላይ ለሚለጠፈው ኤ3 ወረቀት ይበቃል፤ ጎልቶ መታየት ያለበት ርእሱ፣ ቀኑና ክፍሉ እንጂ አርማው አይደለም።

5. ክፍሉን ያዙ

ከጠበቃችሁት ታዳሚ በአንድ ሦስተኛ ያህል የሚበልጥ ወንበር ያለው ክፍል ምረጡ። 30 ሰው 200 ወንበር ባለው አዳራሽ ሲቀመጥ ሁሉም ከኋላ ይሰፍራል፣ መሃሉ ባዶ ይቀራል፣ አቅራቢውም ለባዶ ወንበር ያወራል። በተቃራኒው ጥቂት ሰው በቆመበት ጠበብ ያለ ክፍል ውስጥ ጥያቄው ይሟሟቃል። ትልቁን አዳራሽ ብቻ ካገኛችሁ የኋላ ረድፎቹን በገመድ ወይም በወረቀት ዝጉ።

ክፍሉን ከ45 ደቂቃ በፊት ጀምሮ እስከ 30 ደቂቃ በኋላ አስይዙ። ከእናንተ በፊት ትምህርት ካለ መምህሩ በሰዓቱ እንደማይወጣ አስቡት። በዊልቸር የሚመጣ ሰው መግባት መቻሉን፣ ዘግይቶ የሚመጣው በአቅራቢው ፊት ሳያልፍ የሚገባበት በር መኖሩን፣ ከስክሪኑ በላይ ያለው መብራት ብቻውን መጥፋቱን ከአንድ ቀን በፊት ሄዳችሁ እዩ። መብራቱን ሁሉ ማጥፋት ግን አትልመዱ፤ ታዳሚው ይተኛል፣ አቅራቢውም የማንንም ፊት አያይም።

6. ዕቃውን ፈትሹ

የሚከተለውን አንድ ቦርሳ ውስጥ አድርጋችሁ ለሴሚናር ብቻ አስቀምጡት፦ የኤችዲኤምአይ ገመድ (3 ሜትርና ከዚያ በላይ)፣ ከዩኤስቢ-ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር አዳፕተር፣ ክፍላችሁ የድሮ ፕሮጀክተር ካለው የቪጂኤ አዳፕተር፣ የስላይድ ሪሞት ከትርፍ ባትሪ ጋር፣ ፍላሽ፣ ኤክስቴንሽን፣ የነጭ ሰሌዳ ማርከር፣ የደቂቃ ካርዶች (የቀረውን ደቂቃ ለአቅራቢው የሚያሳዩ)። ቦርሳው ውስጥ ያለውን ማንም «ለአንድ ቀን» እንዳይበደር።

በብዛት የሚያጋጥሙት ችግሮች እነዚህ ናቸው። ዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳ ሁሉ ምስል አያወጣም፤ ቻርጅና ፋይል ብቻ የሚያስተላልፉ አሉ፤ ስለዚህ ገመዱ ስለገባ ብቻ ይሠራል አትበሉ። ቪጂኤ ድምፅ አያስተላልፍም፤ ቪዲዮ ካለ ሌላ የድምፅ ገመድ ይፈልጋል። ስላይዱ ለሰፊ ስክሪን (16፡9) ተሠርቶ ፕሮጀክተሩ 4፡3 ከሆነ ከላይና ከታች ጥቁር ክፍተት ይወጣል፣ ፊደሉም ያንሳል። አቅራቢው ብቻ ሊያየው የሚገባው የማስታወሻ ገጽ በትልቁ ስክሪን ላይ ከወጣ፣ ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስን ቁልፍ ከፒ ጋር በመጫን ማሳያውን መቀየር ይቻላል።

ስላይዱን አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ተቀበሉ፣ በፓወርፖይንትም በፒዲኤፍም። ፒዲኤፉ መጠባበቂያ ነው፤ ተንቀሳቃሽ ነገርና ቪዲዮ እንደማይሠራበት ግን ለአቅራቢው ንገሩት። በግእዝ ፊደል የተጻፈ ስላይድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ቀመር የበዛበትም እንዲሁ ይዘበራረቃል። ፒዲኤፍ ሲሠራ ፎንቱ አብሮ ስለሚታሸግ ይህን ይፈታል።

አንድ ስላይድ ክፈቱና የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። የግራፉ ጎን ላይ ያሉት ቁጥሮች ካልተነበቡ አቅራቢውን አሁኑኑ ጠይቁት፤ ከ24 ነጥብ ያነሰ ፊደል ከኋላ አይታይም። ቀይና አረንጓዴ መስመር ብቻ ያለበት ግራፍም ቀለም መለየት ለሚቸግረው ሰው አንድ መስመር ነው፤ አንዱን ነጠብጣብ ማድረግ ይበቃል።

ከ40 ሰው በላይ ካለ ማይክ ተጠቀሙ፤ «ድምፄ ይሰማል» የሚለውን አቅራቢ አትመኑት፤ በገለጻው መሃል ድምፁ ዝቅ ማለቱ አይቀርም። ልብስ ላይ የሚሰካው ማይክ ከአገጭ በታች 15 ሳንቲሜትር ያህል ርቀት ላይ ይሁን፤ የአንገት ሐብልና መታወቂያ እንዳይነካው። አቅራቢው ከድምፅ ማጉያው ፊት ከቆመ ማይኩ የራሱን ድምፅ መልሶ ይወስድና ያፏጫል፤ ማጉያዎቹን ከአቅራቢው ወደፊት አስቀምጣችሁ ወደ ታዳሚው አዙሯቸው።

7. በአካልም በኢንተርኔትም ከሆነ

እዚህ ላይ አንድ ሰው አይበቃም። አወያዩ ክፍሉን ይመራል፤ ሌላ ሰው ላፕቶፕ ይዞ በኢንተርኔት የገቡትን ይከታተላል፣ ጥያቄያቸውንም ያነባል።

የሚያስደነግጠው ችግር ፉጨቱና የገደል ማሚቶው ነው። መንስኤው አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት መሣሪያ ድምፁን ከፍቶ ዙም መግባቱ ነው፤ የአንዱ ስፒከር ያወጣውን የሌላው ማይክ ይወስደዋል፣ እንደገና ይልከዋል፣ እየተጋነነ ይሄዳል። ማይክን ብቻ መዝጋት ሁልጊዜ አይፈታውም። በክፍሉ ውስጥ ድምፅ የሚያስገባና የሚያስወጣ አንድ ኮምፒውተር ብቻ ይኑር፤ ሌሎቹ ሁሉ «ድምፅ ሳይያያዝ» ይግቡ ወይም ስፒከራቸውንም ይዝጉ። ፉጨቱ ሲጀምር መጀመሪያ የምትፈልጉት ሦስተኛ ረድፍ ላይ ሊንኩን በስልኩ የከፈተውን ተማሪ ነው።

ስላይዱ ከላፕቶፑ በቀጥታ ይጋራ እንጂ ካሜራ ወደ ስክሪኑ አዙራችሁ አታሳዩ። ካሜራው አቅራቢው ላይ ይሁን። በገመድ የሚገባ ኢንተርኔት ካለ ዋይፋይን ተዉት። ሊንኩን በይፋ የምትለጥፉ ከሆነ ስክሪን ማጋራትን ለአስተናጋጁ ብቻ ፍቀዱ፣ የመጠበቂያ ክፍሉንም (የሚገባው ሰው አስተናጋጁ እስኪፈቅድለት የሚቆይበትን) አብሩ፤ ያልተጋበዘ ሰው ገብቶ የማይገባ ምስል ያሳየባቸው ስብሰባዎች በተለይ ከ2020 ወዲህ በየአገሩ አጋጥመዋል።

ገለጻውን ለመቅረጽ የአቅራቢውን ፈቃድ በጽሑፍ፣ ከሴሚናሩ በፊት ተቀበሉ። ያልታተመ ውጤት ያለበት ሰው አዳራሽ ውስጥ፣ በሰው ፊት ሲጠየቅ እምቢ ለማለት ይቸገራል። ቀረጻውን ጥያቄው ከመጀመሩ በፊት አቁሙ፣ ማቆማችሁንም ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ የተማሪው እጅ የሚነሣው ያን ጊዜ ነው።

8. በዕለቱ

ከ45 ደቂቃ በፊት ክፍሉ ይከፈት፤ ከ30 ደቂቃ በፊት የአቅራቢው ላፕቶፕ ይሰካና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስላይድ በፍጥነት ይታይ። ቪዲዮ ካለ በድምፁ ይሞከር። ቻርጀሩ ይሰካ፤ የመልእክት ማሳወቂያው ይጥፋ፤ ስክሪኑ በራሱ እንዳይጠፋ ይስተካከል። ከአቅራቢው ጋር ሁለት ነገር ተስማሙ፦ ስሙና ማዕረጉ እንዴት እንደሚጠራ፣ በገለጻው መሃል ጥያቄ ይቀበል እንደሆነ።

15:00 ላይ የተጠራ ሴሚናር እንዲህ ይሂድ፦

15:03 አወያዩ ይጀምራል። ሰው እስኪመጣ ብሎ 10 ደቂቃ የጠበቀ አስተባባሪ በሚቀጥለው ሳምንት 15 ይጠብቃል።
15:05 ማስተዋወቁ አልቋል፤ ስም፣ የሚሠሩበት ተቋም፣ ዛሬ ይህን ርእስ ለምን እንደምንሰማ። ሽልማት መዘርዘር አያስፈልግም።
15:35፣ 15:40፣ 15:44 «10»፣ «5»፣ «1» የሚሉ ካርዶች ይታያሉ። ወረቀቱ ግማሽ ኤ4፣ ቁጥሩ በወፍራም ማርከር ይጻፍ፤ ካርዱን አቅራቢው እስኪያይና በዓይኑ ምልክት እስኪሰጥ አታውርዱት።
15:45 ገለጻው ያበቃል።
16:00 ሴሚናሩ ያበቃል።

ገለጻው ካልቆመስ? 15:45 ላይ አወያዩ ከወንበሩ ይነሣ፤ ብዙ አቅራቢ በዚህ ብቻ ይገባዋል። 15:47 ላይ ወደ መድረኩ ይጠጋ። 15:48 ላይ ዐረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ጠብቆ ይናገር፦ «ዶክተር፣ ይቅርታ፤ ብዙ ጥያቄ እንዳለ አያለሁና ወደ መደምደሚያው ስላይድ ቢያልፉልን።» ትልቅ ሰው ማቋረጥ ነውር ነው የሚል ስሜት የሚከብደው አወያይ ካለ ስለ ካርዶቹና ስለሚነሣበት ደቂቃ ለአቅራቢው ቀድሞ ይንገረው፤ ከዚያ በኋላ ማቋረጥ ሳይሆን የተስማሙበትን መፈጸም ይሆናል።

9. ጥያቄውን ምሩ

«ጥያቄ ያለው?» ከተባለ በኋላ ዝምታ ይሆናል። አወያዩ በልቡ እስከ 10 ይቁጠር፤ ሰው ሐሳቡን ለማደራጀት ያን ያህል ጊዜ ይፈልጋል። 2 ሰከንድ ጠብቆ የራሱን ጥያቄ የሚጥል አወያይ ሌላውን ያስቀራል። የራሱ ሁለት ጥያቄ ግን በኪሱ ይኑረው፣ ከአብስትራክቱ ተነሥቶ ቀድሞ ያዘጋጀው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ከተማሪ ይሁን፤ ደንብ አድርጋችሁ አውጁት። ፕሮፌሰር ከጀመረ ቀጥሎ የሚነሣው እጅ የሌላ ፕሮፌሰር ነው። በ2018 የታተመና በ10 አገሮች በሚገኙ 35 ተቋማት የተካሄዱ ሴሚናሮችን የተመለከተ ጥናት፣ ሴቶች ከወንዶች ያነሰ ጥያቄ እንደሚጠይቁና የመጀመሪያውን ጥያቄ ወንድ ሲጠይቅ ልዩነቱ እንደሚሰፋ አሳይቷል። ስለዚህ አወያዩ መጀመሪያ የታየውን እጅ ብቻ አይከተል፤ አዳራሹን ከግራ እስከ ቀኝ፣ እስከ ኋላ ረድፍ ይቃኝ። ገና ያልተናገረ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ከሚጠይቀው ይቅደም። በቃል መጠየቅ ለሚከብደው ትናንሽ ወረቀት በየወንበሩ አስቀምጡ፤ አወያዩ ስም ሳይጠራ ያነበዋል።

እያንዳንዱ ሰው አንድ ጥያቄና አንድ ተከታይ ይበቃዋል። ማይክ ከሌለ አወያዩ ጥያቄውን አሳጥሮ ይድገመው፤ ከኋላ ያለውና በኢንተርኔት ያለው የሚሰማው መልሱን ብቻ ከሆነ ይሰላቻል።

አስቸጋሪው የሚመጣው «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ሲባል ነው። አንድ ደቂቃ ይታገሡት። ከዚያ በኋላ ተናጋሪው ትንፋሽ ሲወስድ አወያዩ ይግባ፦ «ፕሮፌሰር፣ አመሰግናለሁ፤ አቅራቢዋ እንዲመልሱበት የሚፈልጉትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢያስቀምጡልን?» ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ቀመር ከተያያዙ ሁለት ዙር ፍቀዱና «ይህን ከሴሚናሩ በኋላ ሰሌዳው ላይ ቀጥሉበት» በሉ፤ ማርከሩም ይቀመጥላቸው። ጥያቄው ወደ ሰውየው ካነጣጠረ አወያዩ በራሱ አፍ ወደ ጥናቱ መልሶ ያንሣው፦ «ስለ ናሙናው መጠን የተነሣውን ብቻ ይመልሱልን።» ተማሪ አቅራቢ ሲሆን ይህን ለማድረግ አትዘግዩ።

16:00 ላይ ዝጉ። ሌላ ክፍለ ጊዜ ያለው ተማሪ እየተሳቀቀ መውጣት የለበትም፤ መቆየት የሚፈልግ ይቆያል።

10. ከሴሚናሩ በኋላ

የተማሪዎቹ 30 ደቂቃ ያለ መምህራን ይሁን። አማካሪው በተቀመጠበት ተማሪ ስለ ሥራ ፍለጋም ሆነ ስለ ውድቅ የተደረገ ጽሑፍ አይጠይቅም።

በ24 ሰዓት ውስጥ የምስጋና ኢሜይል ላኩ፣ የክፍያ ቅጹንም አብራችሁ አያይዙ። አንድ መዝገብ ክፈቱና በየሴሚናሩ አንድ መስመር ጻፉ፦ የታዳሚ ብዛት በአካልና በኢንተርኔት፣ ገለጻው የቆመበት ደቂቃ፣ የጠየቁ ሰዎች ብዛትና ከመካከላቸው ስንቱ ተማሪ እንደሆኑ፣ የተበላሸ ዕቃ። ከታዳሚ ብዛት ይልቅ የተማሪ ጠያቂዎችን ቁጥር ተከታተሉ። ሦስት ሳምንት ተከታትሎ ዜሮ ከሆነ ወይ ርእሶቹ ለእነሱ አልተመረጡም፣ ወይ አወያዩ መቀየር አለበት።

አቅራቢው በዕለቱ ከቀረ

በሴሚስተሩ መጀመሪያ ላይ ከሁለት ሰዓት በፊት ብቻ ቢነገራቸውም 25 ደቂቃ ማቅረብ የሚችሉ ሁለት የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎችን አስፈቅዳችሁ ስማቸውን ያዙ፤ ሰሞኑን ለአማካሪያቸው ያቀረቡት ስላይድ ይበቃል። እሱም ካልተገኘ በቅርቡ የታተመ አንድ ጽሑፍ መርጣችሁ አራት ሰዎች አንዳንድ ግራፉን በሰሌዳ ላይ ያብራሩ። መብራት ከጠፋም ይኸው መንገድ ይሠራል፤ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ታዳሚው ወደ ፊት ረድፍ ይሰበሰባል፣ አቅራቢው ዋናውን ግራፍ በማርከር ይሥለዋል። መሰረዝ ግድ ከሆነ በኢሜይል ብቻ አታሳውቁ፤ ክፍሉ በር ላይም ወረቀት ለጥፉ፣ የሚቀጥለው ሴሚናር የሚካሄድበትን ቀን ጨምራችሁ።